የማር ቀማሹ ምላስ

ጋሽ ሀብተ ማርያም የሞቱት እንደተቀመጡ ነው። ጀርባቸው የማር መጋዘኑን ግድግዳ ተደግፏል፤ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፤ አገጫቸው ላይ ልጋግ ደርቋል። በስተቀኛቸው ባዶ የብርዝ ብርጭቆ አለ። በስተግራቸው ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ቬፕ፣ በባትሪ የምትሠራ ማጨሻ፣ ከአጠገቧ ደግሞ ክዳኑ የተከፈተ፣ ግማሹ የጎደለ ትንሽ ጠርሙስ ተቀምጧል። ጠርሙሱ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። በቦንጋ ገበያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «እሳቸው ቀምሰውታል» ከተባለ ማንም የማይከራከርበት ማር ቀማሽ፣ መጨረሻቸው ይህ ሆነ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ ኮማንደር ገብረወልድ በሩ ላይ ቆመው። «ሽማግሌው ሲጋራ ሊተዉ ብለው ይህን መጫወቻ ገዙ። አያውቁበትም፣ ፈሳሹ ከብርዛቸው ጋር ተቀላቀለባቸው። የሸጠችላቸው ልጅ ተይዛለች። መሸጡ ራሱ በሕግ የተከለከለ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዝገቡ ዓቃቤ ሕግ ዘንድ ይደርሳል።»

«ምን ተብሎ?» አለች ኢንስፔክተር አብርሆት።

«ሰው መግደል ነዋ! በቸልተኝነት።»

«አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። እስከ ዘጠኝ ያለው ጊዜ የእኔ ነው።»

«ደግሞ ጀመርሽ፣ አብርሆት!»

«ገና አልጀመርኩም፣ ጌታዬ።»

አብርሆት ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። በሥራዋ ላይ ሃያ አራት ዓመት ቆይታ ከኢንስፔክተርነት ፈቀቅ ያላለችበትን ምክንያት የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ «ነገሩ ግልጽ ነው» የሚል አለቃ ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ኮማንደሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ተንፍሰው ባርኔጣቸውን አደረጉና ወጡ።

አብርሆት ብርጭቆውን አሸተተችው፤ ማንጎ ነው። መደርደሪያው ላይ ያለውን የብርዝ ማሰሮ አሸተተችው፤ የግራዋ ማር መራራ ሽታ ብቻ ነው። መርዙ ማሰሮው ውስጥ አልነበረም ማለት ነው፤ የገባው ብርጭቆው ውስጥ ነው። አስከሬኑን ያየው ሐኪምም ምልክቶቹ የኒኮቲን መርዝ እንደሚመስሉ፣ የደከመ ልብ ላለው ሽማግሌ ግማሽ ጠርሙስ ከበቂ በላይ እንደሆነ ነገራት። ናሙናው አዲስ አበባ ይላካል። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ የታሰረችው ልጅ ስንት ወር ቆይታ እንደምትሆን እግዜር ይወቅ።

ከመውጣቷ በፊት አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው። በመጋዘኑ የማር ባልዲዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ የንብ አርቢው ስም ተጽፏል። የሁሉም ስም ወደ ፊት ነው። ጥግ ላይ ያሉት አራት ባልዲዎች ብቻ ስማቸው ወደ ግድግዳ ዞሯል።

ተስፋሁን አስከሬኑን ያገኘው ሰው ነው። አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ አሥራ አንድ ዓመት የመጋዘኑ ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። ከማንኪራና ከቢታ ገነት የሚመጣውን ማር የሚረከበውም የሚያጣራውም እሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል።

«ሁለት ሰዓት ላይ ልከፍት መጣሁ» አለ። «ጋሼን እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው። እንዳየኋቸው ወጥቼ አስመለሰኝ።»

«ከሁለት ሰዓት በፊት አልመጣህም?»

«አልመጣሁም።»

«ቬፑን ሲጠቀሙ አይተሃቸው ታውቃለህ?»

«ሁልጊዜ እንጂ! ከዚያ ጠርሙስ እያንጠባጠቡ ሲሞሉት በዓይኔ አይቻለሁ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግማሹ ጣታቸው ላይ ነው የሚፈሰው። ‹ጋሼ፣ ተዉ ይሄ ነገር ይጎዳዎታል› ብያቸው ነበር። ልጅቷ ናት የበላቻቸው።»

«እነዚያ አራት ባልዲዎች ለምን ዞሩ?»

ተስፋሁን ወደ ጥጉ አየት አደረገ። «ቦታ ጠቦን ነው» አለ። አብርሆት ማስታወሻዋን ዘጋች።

የሟቹ ባለቤት እትዬ የሺሃረግ ከለቀስተኛው ተለይተው አብርሆትን ጓዳ ውስጥ አነጋገሯት። ዕንባቸው አልቆ ቁጣቸው ቀርቷል።

«ያቺን ልጅ ስቀሉልኝ! ያንን ጭስ ቤቴ ያስገባች እሷ ናት።»

«እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤተ ክርስቲያን። አሥራ ሁለት ተኩል ሲል ወጣሁ። እሱ መጋዘኑ ውስጥ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ መቀመጥ ይወዳል።»

«ብርዙን ማን በጠበጠው?»

«እኔ። ማታውኑ በጥብጬ፣ ቀምሼ አስቀመጥኩት። የግራዋ ማር ለሆዴ ይሻለኛል ይላል። ይመራል፤ ሌላ ሰው አይጠጣውም።»

«የሚቀዱት ራሳቸው ናቸው?»

የሺሃረግ እንደ መሳቅ ቃጣቸው። «እሱ? ለራሱ ቀድቶ አያውቅም። እኔ ከሌለሁ የመጣ ሰው ይቀዳለታል። ደግሞ የቀዳው ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እፊቱ ካልቀመሰለት ከንፈሩን አያስነካም። የአባቱ ወግ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ለእኔም አልቀረልኝም።»

አብርሆት ብዕሯን ያዝ አደረገች። «ሰሞኑን እንዴት ነበሩ?»

የሴትዮዋ ቁጣ በረደ። ሲናገሩ ድምፃቸው ተለውጧል።

«ደስ ብሎት ነበር። ሲጋራውን ከተወ ሁለት ወር ሆነው። ባለፈው ሳምንት ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ‹የሺ፣ ማር ማር አለኝ! ምላሴ ተመለሰ!› አለኝ። ለካ ዓመታት ሙሉ ጣዕም ርቆት ኖሯል። ለሰው አይናገር ነገር፣ እንጀራው ነው፤ በመልኩና በውፍረቱ እየገመተ ነው የኖረው። ትናንት ማታ ግን አለቀሰ። ‹ስሜን አበላሹት› አለ። ማን ብለው፣ ‹ነገ ራሱ መጥቶ ይነግረኛል፤ ይቅርታ ከጠየቀኝ ማንም ሳይሰማ እጨርሰዋለሁ› አለ። ስሙን አልነገረኝም።»

«መጋዘኑ ውስጥ ስማቸው ወደ ግድግዳ የዞሩ ባልዲዎች አሉ።»

«ስንት?»

«አራት።»

«ውይ!» የሺሃረግ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ማር ሲጥል እንዲህ ነው የሚያደርገው። ንብ አርቢውን በሰው ፊት ‹ማርህ መጥፎ ነው› ብሎ አያሳፍርም። ስሙን ወደ ግድግዳ ያዞረዋል፣ በኋላ ለብቻው ያናግረዋል። ለዓመታት አንድም አዙሮ አያውቅም።»

አብርሆት ከአራቱም ባልዲዎች ናሙና አስወሰደች። ካልተጣሩት ባልዲዎችም ጨመረች፤ ሁሉንም ለአንድ የንብ ባለሙያ ላከች። ከዚያ ወደ ጣቢያው ሄደች።

ሰብሪያ ነስሩ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ አደራ ብለው ያወረሷትን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በሁለት ዓመት ውስጥ የስልክ ዕቃ መሸጫ ያደረገች፣ ዘመዶቿ «አንገተ ደንዳና» የሚሏት ልጅ ናት። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አብርሆት ስትገባ ከመቀመጫዋ ተነስታ ሰላምታ ሰጠች፤ ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

«ሸጠሽላቸዋል?»

«ሸጬላቸዋለሁ።»

«የተከለከለ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ለሱ ቅጡኝ፣ አልክድም። ‹ገድለሻል› ለሚለው ግን አንገቴን አልሰጥም። ዘመዶቼ ‹ሸጥኩ ካልሽ ያው ገደልኩ ማለት ነው፣ ብትክጂ ይሻልሻል› ብለው ምክር ልከውብኛል። አልክድም! የሸጥኩትን ከካድኩ እንዴት እንደሸጥኩት ማን ይሰማኛል?»

አብርሆት ይህቺን ልጅ ወደደቻት። ፊቷ ላይ ግን አላስነበበችም። ከሱቁ የተያዘውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች።

«እሺ፤ እኔ ጋሽ ሀብተ ማርያም ነኝ። ሲጋራ ልተው ነው የመጣሁት። ሽጪልኝ።»

ሰብሪያ ትንሽ አመነታች። ከዚያ የባለሱቅ ፊቷ መጣላት።

«እጅዎን ይዘርጉልኝ።»

«እጄን?»

«ጋሼንም እንዲህ ነው ያልኳቸው። ዘረጉ፣ ይንቀጠቀጣል። በቀን ስንት ያጨሳሉ አልኳቸው፣ አንድ ፓኮ አሉኝ። ለሳምንት ምን ያህል ማውጣት ይችላሉ አልኳቸው፣ ለሲጋራ ከማወጣው እንዳይበልጥ አሉኝ።» አንዷን አነሳች። «ይቺ ስታልቅ የምትጣል ናት። ርካሽ ትመስላለች፤ በሳምንት ሦስት ካስገዛች ግን ከሁሉም ትወደዳለች። ባትሪዋም ፈሳሹ ሳያልቅ ይሞታል። ሽንገላ ናት፣ አልሰጠኋቸውም።» ትልቁን አነሳች። «ይሄ በጠርሙስ የሚሞላ ነው። ለሚችልበት ሰው ያዋጣል። ግን መሙላት አለው፣ ጥጥ መቀየር አለው፣ ማጽዳት አለው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ከያዘው ፈሳሹ ቆዳው ላይ ይፈሳል። መርዝ ነው እኮ! ‹ይህን ለእርስዎ ብሸጥ ሰው አይደለሁም› አልኳቸው።»

«ሦስተኛዋስ?»

«እሷን ነው የሰጠኋቸው። ዝግ ናት። ፈሳሹ ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣው በዚህች ካርትሪጅ ነው። ሲያልቅ ነቅሎ መጣል፣ ሌላ መሰካት፤ በቃ። ቻርጇ ሁለት ቀን ይይዛል፤ የቦንጋን መብራት ያውቁት የለ? እሳቸው ጠርሙስ በእጃቸው ነክተው አያውቁም።»

«ከአጠገባቸው የማንጎ ጠርሙስ ተገኝቷል።»

«ማንጎ?» ሰብሪያ ከወንበሯ ልትነሳ ምንም አልቀራት። «ለማር ቀማሽ ማንጎ? ትንሽ ቫኒላ ሸተተኝ ብለው ሁለት ካርትሪጅ የመለሱብኝ ሰውዬ! ‹ሽታ ያለው ነገር አፌ አጠገብ አይድረስ› ነው ያሉኝ። የምሰጣቸው ሽታ የሌለውን ነው፤ በየወሩም ኒኮቲኑ ደከም ያለውን። እስከ ገና ይቺንም ይጥላሉ ተባብለን ነበር።»

«ይህን ያህል ካሰብሽላቸው፣ ጨርሰው ይተዉት አትያቸውም ነበር?»

«አርባ ዓመት ሰው ሁሉ ‹ይተዉት› ሲላቸው ኖረ። ማንን ሰሙ?»

አብርሆት ሦስተኛዋን ቬፕ አንስታ በጥፍሯም በመርፌም ቀዳዳ ፈለገች፤ የለም። ያን ጊዜ አንድ ሰው በዓይኔ አየሁ ያለው ነገር ሊታይ የማይችል መሆኑ ገባት።

የቀረው ሉቅማን ነው። ማሩን እየገዛ በአይሱዙ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ነጋዴ እሱ ነው። የመኪናው ጋቢና ገና ሲከፈት ማንጎ አወደ።

«አትደንግጥ» አለችው አብርሆት። «ትልቁን፣ የሚሞላውን ነው የምታጨሰው?»

«አዎ፣ እትዬ። ጠርሙሴ ትናንት ጠፋብኝ። ዛሬ ጋሼ አጠገብ ተገኘ ሲባል ምላሴ ተያዘ። የኔ ነው ብል ገደልክ ትሉኛላችሁ።»

«ስትሞላው ያየህ ሰው አለ?»

«ማር ሲጫን ሁሉም ያየኛል። ጫኞቹ፣ ተስፋሁን… ተስፋሁንማ ‹ይህ ነገር ሰው ይገድላል ይባላል፣ እውነት ነው?› ብሎ ጠይቆኛል። ብትጠጣው አዎ አልኩት።»

«ዛሬ ጠዋት መጥተህ ነበር?»

«አንድ ከሩብ ላይ ልጭን መጣሁ። ተስፋሁን አጥሩ ጥግ እንሰቱ ሥር አጎንብሶ ያስመልሰዋል፤ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል፣ ለሃጩን መዋጥ አቅቶታል። ‹ትናንት የበላሁት ነው፤ መጋዘኑ አልተከፈተም፣ በኋላ ና› አለኝ። አሳዘነኝና የሣህሌ ባጃጅ ላይ አሳፍሬ መድኃኒት ቤት ላክሁት።»

«አንድ ከሩብ! እርግጠኛ ነህ?»

«ሣህሌን ይጠይቁት።»

ጠየቀችው። ባለ ባጃጁ ሣህሌ ሰዓቱንም መድኃኒት ቤቱንም ነገራት፤ መቀመጫዬን አቆሸሸብኝ ብሎም ተማረረ። ስምንት ሰዓት ላይ የንብ ባለሙያው ደወለ።

ስምንት ተኩል ላይ ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። የሺሃረግ ወንበር ተሰጣቸው። ሰብሪያ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆማለች። ሉቅማን መግቢያው ላይ፣ ተስፋሁን ባልዲዎቹ አጠገብ ሆኑ። ኮማንደሩ ሰዓታቸውን እያዩ ነው።

«ሠላሳ ደቂቃ አለሽ» አሉ።

«ይበቃኛል።» አብርሆት ጥቁሯን ቬፕ ከፍ አድርጋ ያዘች። «ከዚህች እንጀምር። ኮማንደር፣ ይህችን ከጠርሙስ ይሙሉልኝ።»

ኮማንደሩ ተቀበሏት፣ አገላበጧት፣ ነቀሉ ሰኩ። «በየት በኩል?»

«በየትም በኩል። አትሞላም፤ ዝግ ናት። የሟቹ ቬፕ ጠርሙስ አታውቅም። እንግዲያው ይህን ጠርሙስ እዚህ ያስቀመጠው ቬፕ ሁሉ በጠርሙስ ይሞላል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ሰብሪያ ልታስቀምጠው አትችልም፤ ልዩነቱን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ሉቅማንም አያደርገውም፤ በራሱ ጠርሙስ ገድሎ ጠርሙሱን ትቶ የሚሄድ ሞኝ የለም። ነገር ግን ሉቅማን ሲሞላ እያየ፣ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነው ብሎ የደመደመ ሰው አለ። ያ ሰው ዛሬ ጠዋት ‹ጋሼ ከጠርሙሱ ሲሞሉ በዓይኔ አይቻለሁ› አለኝ።»

ሁሉም ወደ ተስፋሁን ዞሩ።

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ ተስፋሁን። «ዕቃውን አላውቀውም። አለማወቅ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። እሺ፣ ወደ ብርዙ እንሂድ። ማሰሮው ንጹሕ ነው፤ መርዙ የተጨመረው ብርጭቆው ውስጥ ነው። ሟቹ ለራሳቸው አይቀዱም። ስለዚህ እትዬ ከወጡ በኋላ መጥቶ የቀዳላቸው ሰው አለ። የቀዳላቸው ሰው ደግሞ እፊታቸው ካልቀመሰ አይጠጡም። ጠጥተዋል፤ ስለዚህ ተቀምሶላቸዋል። የቀመሰው ሰው ትንሽም ቢሆን መርዙ አፉ ገብቷል። እንግዲህ ዛሬ ጠዋት በቦንጋ ማነው ያላበው፣ ለሃጩን መዋጥ ያቃተው፣ ያስመለሰው? ተስፋሁን፣ አስከሬኑን አይቼ አስመለሰኝ አልከኝ። አስከሬኑን ያየኸው በሁለት ሰዓት ነው። ሉቅማንና ሣህሌ ሲያስመልስህ ያዩህ አንድ ከሩብ ላይ ነው። መድኃኒት ቤቱም ያስታውስሃል።»

«ሉቅማን ነጋዴ ነው፣ ራሱን ሊያድን ይዋሻል!» ተስፋሁን ድምፁን ከፍ አደረገ። «አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። እኔ ለምን እገድላቸዋለሁ? በሉ ንገሩኝ!»

«እነዚህ ይነግሩሃል።» አብርሆት አራቱን ባልዲዎች አንድ በአንድ ወደ ፊት አዞረች። አራት የተለያዩ ስሞች ታዩ፤ ሁለቱ የማንኪራ፣ ሁለቱ የቢታ ሰዎች ናቸው። «አራቱም ውስጥ ስኳር ተበጥብጧል። አራት የማይተዋወቁ ንብ አርቢዎች አንድ ዓይነት ስኳር በአንድ መጠን አይበጠብጡም። ካልተጣራው ማር ውስጥ ደግሞ ስኳር የለም። ስኳሩ የገባው እዚሁ፣ ሲጣራ ነው። ስታጣራ ነው ስኳሩን የምትጨምረው። ሽማግሌው ምላሳቸው ሞቶ ስለነበር አያውቁብህም ነበር። ይህቺ ልጅ በሰጠቻቸው ዕቃ ሲጋራውን ተዉ፣ ምላሳቸው ነቃ፣ ያሳለፉት ማር ሁሉ በስማቸው የተሸጠ ስኳር እንደሆነ ገባቸው። ይቅርታ እንድትጠይቃቸው ዕድል ሰጡህ። አንተ ግን ጠርሙስ ይዘህ መጣህ።»

«ማስረጃ አይሆንም!» አለ ተስፋሁን። «ምላስ ማስረጃ አይሆንም! እምቢ!»

የሺሃረግ ተነሱ። ሄደው ተስፋሁን ፊት ቆሙ።

«ተስፋሁን፣ ልጄ። እኔን እየኝ። ቀምሰህ ነው የሰጠኸው?»

ተስፋሁን ወደ ባልዲዎቹ ዞረ።

«በመዳፍህ ቀምሰህለት፣ አምኖህ ነው የጠጣው?»

«‹ማንጎ ጨምቄበታለሁ› ብዬ ቀመስኩላቸው፤ ዞር ብዬ… ተፋሁት» አለ ድምፁ ተሰብሮ። ከዚያ ባልዲው ላይ ቁጭ አለ። «ገበያ ላይ ሊያዋርዱኝ ነው ብዬ ነው። አያዋርዱኝም ነበር፤ አውቃለሁ። ስማቸውን ለአሥራ አንድ ዓመት ተሸክሜ፣ ሌባ መባል አቃተኝ።»

ፖሊሶቹ ከሰብሪያ ጎን ለቀው ወደ እሱ ሄዱ። ኮማንደር ገብረወልድ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፤ ነገሩን ቢተዉት በወደዱ፣ ግን ሕግ ሕግ ነው።

«ልጅቷ ከግድያው ነጻ ናት። ሽያጩ ግን አለ። ይመዝገብ፤ ዋስ ታምጣ፣ አለበለዚያ ጣቢያው ታድራለች።»

«ይመዝገብ» አለች ሰብሪያ አገጯን ቀና አድርጋ። «ግን ሙሉውን ጻፉት። ሸጣለች በሉ። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ጠርሙስ አልሸጥም ብላለች ብላችሁም ጻፉ። ዳኛው ሁለቱንም ያንብብ።»

«ቃል በቃል እጽፈዋለሁ» አለች አብርሆት።

ኮማንደሩ ወደ በሩ አዩ። የሰብሪያ ዘመዶች አንዳቸውም አልመጡም ነበር። «ዋስሽ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ የሺሃረግ።

ጠዋት ‹ስቀሉልኝ› ያሉት ሴትዮ ናቸው።

«እትዬ፣ እርስዎ ሐዘንተኛ ነዎት፣ ነገም ይደርሳል…»

«ዛሬ ነው የማደርገው! ባሌ ከመሞቱ በፊት አንድ ሳምንት ማር ቀምሶልኛል። ያን ሳምንት የሰጠችኝ እሷ ናት። የት ነው የሚፈረመው?»

አብርሆት ማስታወሻዋን ገልጣ ባልዲው ክዳን ላይ አኖረችላቸው። የሺሃረግ ብዕሩን ተቀበሉ፤ ሰብሪያ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በሁለት እጇ ያዘችላቸው።